የእሳት ዝንብ

ጄኔቫ ያሉ ሐበሾች አንዲት ወረቀት ሲጽፉ፣ የማኅበር ጥሪም ትሁን የልቅሶ ማስታወቂያ፣ ከመባዛቷ በፊት አስፋ ማየት አለበት። ማንም የሾመው የለም። አንድ ጊዜ ብቻ "ዓመተ ምህረት" በሃሌታው ሀ ተጽፎ አየና፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ በእርሳስ አርሞ መለሰ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ሆኖ ቀረ። በንጉሡ ጊዜ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው የነበሩት፣ አሁን የማኅበሩ ሊቀ መንበር የሆኑት ጋሼ ኃይለመለኮት፣ "ይሄ ልጅ እኮ ሲያስነጥስ እንኳ ሆሄ ጠብቆ ነው" እያሉ ያስቁበታል። አስፋ በቀልዱ ያፍራል፤ በልቡ ግን ደስ ይለዋል። ቀን ካሩዥ ውስጥ ካለ መጻሕፍት ቤት መደርደሪያ ሲያስተካክል ይውላል፤ ሲመሽ ሰርቬት ወዳለች አንዲት ክፍሉ ይገባል። ሰው መሃል ሲቀመጥ እጁን የት እንደሚያኖረው የማያውቅ ዓይነ አፋር ነው። የሚተማመንበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ቃል አይስትም።

የሳተው በ1978 ዓ.ም.፣ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ነው። ያውም ማኅበሩ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ።

ያን ዕለት ከዙሪክ እንግዳ ተጠርታ ነበር። ሕብስት ትባላለች። አብዮቱ ሳይመጣ ገና በልጅነቷ ሎዛን ለትምህርት ተልካ በዚያው የቀረች፣ አሁን ዙሪክ ውስጥ ነፍሳት የምታጠና ተመራማሪ ናት። ከማሌዢያ ከተመለሰች ብዙም አልቆየችም። የኛ ልጅ እስከዚያ ድረስ ሄዳ ምን እንዳየች ትንገረን ተባለ። አማርኛዋ ግን በልጅነቷ የቆመ ነው። እንግዳ ለመቀበል ይበቃል እንጂ ስላይድ እያሳዩ ለማስረዳት አይበቃም። ስለዚህ እሷ በፈረንሳይኛ ልትናገር፣ አስፋ ሊተረጉም ተስማሙ።

መጋረጃው ተዘጋ። ግድግዳው ላይ ወንዝ መጣ፤ ውሃው እንደ ሻይ የጠቆረ፣ ዳርና ዳሩ ሥሮቻቸውን ከጭቃው በላይ ባቆሙ ዛፎች የተሞላ።

"እነዚህ ማንግሮቭ ይባላሉ" ሲል ተረጎመ አስፋ። "ወንዝና ባሕር በሚገናኙበት ቦታ፣ ግማሹ ጨዋማ ግማሹ ጨው አልባ በሆነ ውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ዛፎች ናቸው።"

እስከዚህ መልካም ነበር። ቀጥላ አንድ ቃል ተናገረች። "ሉሲዮል" የሚል ነገር ሰማ። ቃሉን አያውቀውም። ጎንበስ ብሎ "ምንድን ነው?" ሲል ጠየቃት በሹክሹክታ። ሕብስት ልትረዳው ብላ ጮክ ብላ በራሷ አማርኛ ተናገረች።

"የእሳት… ዝንብ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሕፃን ሲኮላተፍ የሚሳቅ ዓይነት ነው። አስፋ ግን ስለ እሷ ደነገጠ፣ ሊያድናትም ፈለገ። ሊያድን የሚችለው ደግሞ በሚያውቀው መንገድ ነው።

"የእሳት ዝንብ አይባልም" አለ፣ ሁሉም እየሰማ። "የእሳት እራት ነው የሚባለው።"

ሕብስት አንገቷን ሰበር አደረገች። "ይቅርታ። የእሳት እራት።"

ቀጣዩ ስላይድ በጨለማ የተነሣ ነበር። አንድ ትልቅ ዛፍ ከሥሩ እስከ ጫፉ በጥቃቅን ብርሃን ተነቁጦ ቆሟል። ከኋላ የተቀመጠችው ወይዘሮ ምንትዋብ፣ "እኔ ምልህ፣ የእሳት እራት ያበራል እንዴ?" ብላ ጠየቀች።

አስፋ ሕብስትን ሳይጠይቅ መለሰ። "የዚያ ሀገሩ ያበራል።"

"ሀብታም ሀገር ነዋ" አሉ ጋሼ ኃይለመለኮት፤ "የእሳት እራቱም የራሱን ባትሪ ይዞ ይዞራል።"

እንደገና ተሳቀ፤ ጥያቄውም በዚያው ታለፈ። ሕብስት የመጣችበትን ዋናውን ነገር መናገር ጀመረች። ነፍሳቱ እያነሱ ነው። እነዚህ ነፍሳት ወደ መብራት እየበረሩ የሚሞቱ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ስህተት ነው። እሳት ፈልገው አይሄዱም። የሚያጠፋቸው አካባቢያቸው ነው፤ ውሃው መለወጡ፣ ዛፉ መቆረጡ፣ ከውጭ የመጣ መብራት መበርታቱ። አስፋ እያንዳንዱን ቃል በጥንቃቄ፣ ደህና አድርጎ ተረጎመው። "የእሳት እራት እሳት ፈልጎ አይሄድም" አለ። "የሚያጠፋው በዙሪያው ያለው ነገር ነው።" ድምፁ ለአንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ሲበተኑ ሕብስት ሎዛን ስለምታድር ቀድማ ሄደች። አስፋ ደግሞ ከዲቲኮን የመጡትን ወይዘሮ ሙሉወርቅን እስከ ኮርናቫን ጣቢያ እንዲሸኝ ታዘዘ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቲኮን ከልጃቸው ከየሻረግ ጋር የሚኖሩ፣ በሄዱበት ሁሉ ጥግ ይዘው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ወንድ ልጃቸው ፍቅሬ በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ተገድሏል። ሬሳውን አላገኙትም። ይህን የማያውቅ የለም።

ባቡሩ እስኪመጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"አስፍዬ" አሉት፣ "ዛሬ ያልከው እርግጥ ነው? እሳት ፈልጎ አይሄድም ያልከው?"

"እርግጥ ነው እትዬ። ሕብስት በዓይኗ አይታ ነው።"

ወይዘሮ ሙሉወርቅ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ላይ ጠመጠሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ጀመሩ።

"ፍቅሬን ምን እንደሚሉት ታውቃለህ? ሊያጽናኑኝ የመጡት ሳይቀሩ፣ 'የእሳት እራት ሆኑ እነዚያ ልጆች' ነው የሚሉት። ኃይለመለኮት ራሱ ቤቴ ተቀምጦ ብሎታል። ለክፋት አይደለም፤ አዝኖ ነው። ግን ምን ማለት ነው እሱ? ገዳይ የለም ማለት ነው። ራሱ በርሮ ገባበት ማለት ነው። እኔም ልጄን መያዝ ያቃተኝ እናት ነኝ ማለት ነው። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ሰው መሃል ቀና ብዬ ተቀምጬ አላውቅም።"

ነጠላቸውን ከጣታቸው ፈቱና ቀጠሉ።

"ዛሬ የተማረች ልጅ መጥታ፣ ወዶ አይሄድም፣ በዙሪያው ያለው ነው የፈጀው አለች። አንተም በዚያ ጥሩ አማርኛህ ነገርከን። ኃይለመለኮት ሲሰማ አየሁት፤ ሲስቅ ቆይቶ ዝም አለ።" እጁን ያዙት። "በሰኔ ሙት ዓመቱ ነው። ዲቲኮን መጥተህ ይህንኑ ትልልኛለህ? ሁሉም በተሰበሰቡበት።"

"እላለሁ እትዬ" አለ አስፋ።

ባቡሩ ሲመጣ፣ ሊሳፈሩ ሲሉ፣ ያን የያዙትን እጁን ሳሙት። በትልቅ ሴት እጁ ሲሳም ይህ የመጀመሪያው ነው። ወደ ሰርቬት በእግሩ ሲመለስ አንገቱ ቀና ብሎ ነበር። በኋላ ያን አንገቱን ባሰበው ቁጥር ሰውነቱ ይሸማቀቅ ጀመር።

ምክንያቱም በሳምንቱ፣ መጻሕፍት ቤቱ ውስጥ የልጆች መጻሕፍት ሲደረድር፣ ሽፋኑ ላይ "ሉሲዮል" የሚል አንድ መጽሐፍ እጁ ገባ። ገለጠው። በሣር ላይ የተቀመጠች፣ ጅራቷ የሚያበራ ጥንዚዛ ናት።

አብሪ ትል።

ቃሉን ሳያውቀው ቀርቶ አልነበረም። ጅማ አክስቱ ዘንድ ክረምት ሲያሳልፍ፣ ከጓሮው ረግረግ አብሪ ትል እየለቀመ በጠርሙስ ይዞ ይገባ ነበር። አክስቱ መብራት ሲያበሩበት የትሎቹ ብርሃን ጠፍቶ ተራ ተባይ ይሆኑበትና ያለቅስ ነበር። ይህን ሁሉ ያውቃል። የዛፉን ሥዕል እያየ፣ ብርሃኑን እያየ፣ ምንትዋብ እያስታወሰችው፣ ለማረም ከመቸኮሉ የተነሣ የገዛ ልጅነቱን አልፎ ሄደ። የእሳት እራት ብርሃን የለውም። የእሳት እራት ወደ እሳት ነው የሚሄደው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው።

መጽሐፉን መልሶ ሸጎጠው። ጆሮው እንደ ፍም ጋለ። "የዚያ ሀገሩ ያበራል" ያለው ትዝ አለው። "ይቅርታ" ያለችው ሕብስት ትዝ አለችው። ያቺ ልጅ ለእውነቱ የቀረበች ነበረች፤ አንገቷን ያሰበራት እሱ ነው። ከዚያ ጣቢያው ትዝ ሲለው፣ ደንበኛ እየጠራው ጀርባውን እንደ ሰጠ ቆሞ ቀረ።

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ጋ መደወል ነበረበት። አንድ ጊዜ ፖስታ ቤቱ ስልክ ድረስ ሄዶ ቁጥሩን ጀምሮ ዘጋው። ምን ብሎ ይነግራቸዋል? ያጽናናዎት ነገር የኔ ስህተት ነበር ይበላቸው? ልጅዎን ያመሳሰሉበት የእሳት እራትማ ወደ እሳት ነው የሚሄደው ይበላቸው? ጥቂት ቆይቶ እሳቸው ራሳቸው መጻሕፍት ቤቱ ደወሉ። "አልረሳኸኝም አይደል?" አሉ። "አልረሳሁም እትዬ" አለ። "ፈረንጆቹን እንዳላስቸግርብህ ልዝጋው" ብለው ቶሎ ዘጉ። እሱም ቶሎ በመዝጋታቸው እፎይ አለ። ያም እፎይታ ኋላ ሌላ ሐፍረት ሆነበት።

የሙት ዓመቱ ቅዳሜ ሲደርስ በጠዋት ባቡር ዙሪክ ገባ። መጀመሪያ የሄደው ወደ ሕብስት ቤተ ሙከራ ነው። ነጭ ካፖርት ለብሳ አንድ ሰፊ የመስታወት ሣጥን ላይ አጎንብሳ አገኛት። ውስጡ ጭቃ፣ የበሰበሰ ቅጠልና ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች አሉ።

ቆሞ፣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ ሁሉንም ነገራት። ሕብስት ሰምታ ስትጨርስ ሳቀች።

"እና እኔ ልክ ነበርኩ? የእሳት ዝንብ?"

"የእሳት ዝንብም አይባልም" አለ አስፋ ሳያስበው። "አብሪ ትል ነው።"

ሕብስት ቀና ብላ አየችው። "አስፋ" አለችው። እሱ መሬት መሬቱን አየ።

ሣጥኑን አሳየችው። በፈረንሳይኛ ስትናገር ሌላ ሰው ናት፤ የምትፈልገው ቃል ሁሉ እጇ ላይ ነው። "እዚህ ጭቃ ውስጥ ያሉት ገና ልጆች ናቸው። ትል ሆነው ነው የሚያድጉት፤ ምግባቸው ቀንድ አውጣ ነው። ወንዙን ከላይ ሲገድቡት የባሕሩ ውሃ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ጨው ይበዛል። ቀንድ አውጣው ሲሞት እነሱም ይራባሉ። ዳርቻው ሲመነጠር ጭቃው ይደርቃል። ያደጉት ደግሞ የሚጠራሩበት ዛፍ ያጣሉ። ዛፉ ቢተርፍ እንኳ አጠገቡ መብራት ከተተከለ አንዱ የሌላውን ብርሃን አያየውም። ይፈላለጋሉ፣ አይገናኙም። እየሞቱ ሲወድቁ አታይም፤ በየዓመቱ ያንሳሉ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ዛፉ ጨለማ ይሆናል።"

ክፍሉን አጨለመችው። ከጭቃው ውስጥ ሁለት ሦስት አረንጓዴ ነቁጦች ታዩ። የጠረጴዛውን መብራት ስታበራው ጠፉ። አጥፍታው ብዙ ጠበቁ፤ አንዷ ብቻ ተመለሰች።

"ለእናትየው ነግረሃታል?" አለች ሕብስት በጨለማው ውስጥ።

"ዛሬ እነግራቸዋለሁ።"

"ለብቻዋ?"

"ለሁሉም። የሳትኩት በሁሉም ፊት ነው፤ የማርመውም በሁሉም ፊት ነው።"

ይህን ሲል ደፋር የሆነ መስሎት ነበር። ሕብስት ካፖርቷን አውልቃ አብራው ወጣች።

ዲቲኮን ካቶሊኮቹ በፈቀዱላቸው አዳራሽ ሰው ተሰብስቧል፤ ከጄኔቫም ጋሼ ኃይለመለኮትን ጨምሮ ብዙዎች መጥተዋል። የፍቅሬ ፎቶግራፍ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፤ የተማሪ ቤት ፎቶ ነው፣ ጸጉሩ የጎፈረ። አስፋ ወደ ማድ ቤቱ ገባ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ከየሻረግ ጋር ዳቦ እየቆረሱ ነበር። ጥቁር ለብሰዋል፤ ፊታቸው ግን ከወትሮው የተለየ፣ የፈካ ነው።

"መጣህልኝ? ኃይለመለኮትን ከፊት አስቀምጡልኝ ብያለሁ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የሻረግ ሳህን ይዛ ወጣች። ሁለቱ ብቻ ቀሩ። አስፋ አፉን ከፈተ።

"እትዬ…"

"ምነው ልጄ?"

ዓይናቸውን አየው።

"ምንም። ልያዝልዎ" ብሎ የዳቦውን ትሪ ተቀበላቸው።

ጸሎት ደረሰ፤ ተበላ። ከዚያ ጋሼ ኃይለመለኮት ተነሥተው፣ "ወይዘሮ ሙሉወርቅ አስፋ ያን ስለ እሳት እራት የተባለውን ይድገምልን ብላለች" አሉና ተቀመጡ። አስፋ ቆመ። እጁን የት እንደሚያኖር ስላላወቀ ወንበሩን ያዘ።

"ባለፈው ጊዜ ተሳስቼ ነበር" አለ። "ሕብስት የተናገረችው ስለ እሳት እራት አልነበረም። ስለ አብሪ ትል ነው። ሁለቱ አይገናኙም። እሳት ፈልጎ አይሄድም ያልኩት አብሪ ትልን ነው። ስህተቱ የእኔ ነው፤ የእሷ አይደለም። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

አንድ ሰው ከኋላ፣ "ታዲያ የእሳት እራቱስ?" አለ።

አስፋ እውነቱን መለሰ። "እሱ ይሄዳል።"

"እንግዲህ የእኛው እንደ ድሮው ነው ማለት ነው" አሉ ጋሼ ኃይለመለኮት። ለማሳቅ አልነበረም፤ ዝምታው ከብዷቸው፣ አፋቸው ላይ የመጣውን ነው ያሉት። ወዲያው ዓይናቸው ፎቶግራፉ ላይ ዐረፈና አንገታቸውን ደፉ። ግን ተነግሯል። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ማንንም ሳያዩ ተነሡ፤ ከፊታቸው ያለውን ሳህን፣ ገና ያልጨረሱ ሰዎች ሳህን ሳይቀር፣ ሰብስበው ወደ ማድ ቤት ገቡ።

አስፋ ቆሞ ቀረ። ትክክለኛውን ቃል ተናግሯል፤ ግን ከመሳቱ ይልቅ ማረሙ አሳፈረው። ለምን እንደሆነ ሳይገባው ወደ ማድ ቤቱ ተከተላቸው። ሳህን እያጠቡ ነበር።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። መዋሸት አልቻልኩም።"

"ዋሽ መቼ አልኩህ?" አሉ ዘወር ሳይሉ። "መቼ ነው ያወቅከው?"

"ያኔውኑ… በሳምንቱ።"

"ስደውልልህ ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"ቅድምስ፣ እዚሁ ቆመህ?"

አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ውሃውን ዘጉት።

"ለእኔ ለብቻዬ ብትነግረኝ ኖሮ ከሰው ፊት ሳልደርስ አልቅሼ እጨርሰው ነበር። ወይ ይቅር፣ አትናገር እልህ ነበር። አንተ ግን እነሱ ፊት ነው የሳትኩት ብለህ እነሱ ፊት አረምከው። ስምህን አጠራህ። የኔን ልጅ ስም ደግሞ እነሱው እጅ ላይ መልሰህ አስቀመጥከው።" ድምፃቸው ከፍ አላለም። "መሳሳትህ አልከፋኝም ልጄ። የማይሳሳት ማን አለ።"

አስፋ የሚታረም ቃል አላገኘባቸውም። ሁሉም በቦታው ነበር። እንደ ቆመ ሳህኖቹን ሲያይ፣ ሐፍረቱ እስከዛሬ ሐፍረት ሲለው የኖረውን ሁሉ ትንሽ አደረገበት።

ሕብስት በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ገባች፤ ፎጣ አንሥታ የታጠበ ሳህን ታደርቅ ጀመር።

"እማማ" አለች በአማርኛ፣ "እኔ ልንገርሽ?"

እርስዎ ማለት አታውቅም። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘወር አሉ።

"እሱ ዝንብ… የእሳት ዝንብ" አለች ሕብስት። "ዛፍ ላይ ትሆናለች፣ ብዙ። እሳት ከውጭ አትፈልግም። ሆዷ ውስጥ አላት። ሰው መብራት ያመጣል፣ ትልቅ። ዛፉን ይቆርጣል። ውሃውን ያበላሻል። እሷ ጥፋት የላትም። እኔ አይቻለሁ።" ቆም አለች። "የአንቺ ልጅ የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም። እነሱም አያውቁም።"

ወይዘሮ ሙሉወርቅ የያዙትን ሳህን አስቀመጡት።

"ምን አልሽው ስሙን?"

"የእሳት ዝንብ።"

አስፋ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ተሰማው፤ ገጠመው።

"የእሳት ዝንብ" አሉ ወይዘሮ ሙሉወርቅ፣ ቃሉን እንደ አዲስ ዕቃ በአፋቸው እያገላበጡ። ከዚያ ወደ አስፋ ሳያዩ አንድ ደረቅ ፎጣ ዘረጉለት። ተቀብሎ፣ ከሕብስት አጠገብ ቆሞ፣ ሳህን ያደርቅ ጀመር።